ሰው የሞላበት ቤት

እስከዳር አግማስ የታመመ ሰው ቤት ስትገባ እጇ በሽተኛው ላይ፣ ዓይኗ ቤቱ ላይ ነው። የልብ ምት እየቆጠረች ሽንት ቤቱ ከመኝታው ምን ያህል እንደሚርቅ ታያለች። ትንፋሽ እያዳመጠች የበሩ ደፍ ለደከመ ጉልበት ከፍ ይል እንደሆነ ትገምታለች። ምስማር ላይ የተንጠለጠለው ስልክ ባትሪ አለው? ምድጃው ዛሬ እሳት አይቷል? ለማያውቃት ሰው ነገረ ሥራዋ ሁሉ የሰው ጓዳ መሰለል ይመስላል። ነውም እንጂ! ራሷም አትክድም።

አመሏ ከልጅነቷ ነው። የተወለደችው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ጀርባ ነው። እናቷ ወይዘሮ ገበያነሽ የሰፈር በሽተኛ ሳይጠይቁ የማያድሩ ሴት ነበሩ። ሙስሊም ቢታመም ሙዝ፣ ክርስቲያን ቢታመም ሙዝ፤ በአንድ እጃቸው ሙዙን፣ በሌላው እጃቸው እስከዳርን ይዘው ይሄዳሉ። ሲመለሱ እናት ስለ በሽታው ያወራሉ፣ ልጅ ስለ ቤቱ። «እማዬ፣ የእኚያ ሴትዮ ምድጃ ቀዝቃዛ ነው። እኛ ስንወጣ ማን ያበላቸዋል?» ትላለች። «አንቺ ልጅ፣ በሽተኛ ልትጠይቂ ነው ወይስ ቤት ልትበረብሪ የሄድሽው?» ይሏታል። ጥያቄዋ ለካ የኋላ እንጀራዋ ኖሯል።

አድጋ ነርስነት ተማረች፤ ጤና ጣቢያ ሠራች። ከዚያ ለየወረዳው አምቡላንስ የሚታደልበት፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ ደጅ ለደጅ የምትዞርበት፣ የሰፈር ሴቶች አንድ ለአምስት የሚደራጁበት ዘመን መጣ። እስከዳርም አጭር የድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና ወስዳ ኮምቦልቻ ላይ ከምትቆም አምቡላንስ ጋር ተመደበች። ሾፌሩ ሙንዚር ይባላል፤ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ። ወደ ሐርቡ ሲወርዱ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ወደ ደሴ ሲወጡ ሐረጎ ዳገት ላይ መልሶ ይለብሳል። «የኔ ዕድሜ ያለቀው በማውለቅና በመልበስ ነው» ይላል።

አምቡላንሷ በዋናነት የተሰጠችው ምጥ ለያዛቸው እናቶች ነበር። ሕዝቡ ግን ስልኩን አንዴ ካወቀ ወዲያ ማን ሊከለክለው! ሆዱን የቆረጠው ይደውላል፣ ወባ ያንቀጠቀጠው ይደውላል፣ ከዛፍ የወደቀው ይደውላል። እስከዳር ሁሉን ጭና ደሴ ብትወጣ፣ እሷ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትታገል ቆላው ላይ አንዲት ወላድ መንገድ ዳር ትቀራለች። ሁሉን እቤቱ ትታ ብትመለስ ደግሞ በማግስቱ ለቀብር ትጠራ ይሆናል። ስለዚህ በየደረሰችበት ቤት መወሰን አለባት፤ ይህ ሰው እቤቱ ቢያድር ደህና ያነጋል ወይስ አያነጋም?

ሥልጠናው ላይ አስተማሪው ስለ ትኩሳት፣ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ልክ በሰፊው አስረድቶ ሲያበቃ «በሽተኛውን እቤት ለመተው የሚያስታምመው ሰው መኖሩን አረጋግጡ» አለና ወደ ሌላ ርዕስ ተሻገረ። ሌላው ሰልጣኝ አብሮት ሲሻገር እስከዳር እዚያችው ዓረፍተ ነገር ላይ ቀረች። ሰው አለ ማለት ምን ማለት ነው? ወሎ ውስጥ ሰው የሌለበት የበሽተኛ ቤት ከየት ይመጣል? እገሌ ታመመ ከተባለ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይመጣል፤ ዱዓ የሚያደርገው ዱዓ ያደርጋል፣ ጸበል ያመጣው ጸበሉን ይረጫል፣ ምንም ያልያዘው ምክር ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ ሰው ውስጥ በኋላ የሚቀረው ማን ነው?

መልሱን ያገኘችው ሳታስበው ነው። ኮምቦልቻ ዳር ገብረ ማርያም የሚባሉ አዛውንት ታመው ሄዳ ቤታቸው ሰው በሰው ሆኖ አገኘችው። የምር ጠምቷት ነበርና ውሃ ጠየቀች። እንዴት ያለ ግርግር ሆነ መሰላችሁ! የተቀመጠው ሁሉ ተነሳ፤ አንዱ ጓዳ ገባ፣ አንዱ ሳጥን ከፈተ፣ አንዷ ከአልጋ ሥር ጎነበሰች። ኩባያ ግን የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋና በመጨረሻ ከጎረቤት መጣ። ሁሉም ለጥየቃ የመጡ ነበሩ፤ ከመምሸቱ በፊት ወደየቤታቸው የሚመለሱ። እስከዳር ውሃውን ጠጥታ አቶ ገብረ ማርያምን ጭና ሄደች።

ከዚያ ወዲህ የገባችበት ቤት ሁሉ ውሃ ትጠይቃለች። ማን እንደሚነሳ፣ ሳይፈልግ እጁን ወዴት እንደሚሰድ ታያለች። ኩባያው ያለበትን የሚያውቅ የቤቱ ሰው ነው፤ በሽተኛ የሚተውለትም ለእሱ ነው። «ሲስተር፣ መቼም አንቺን ኩላሊት አይነካሽም» ይላታል ሙንዚር።

በሁለት ሺህ አምስት ክረምት፣ ወሩ ረመዳን፣ ከሐርቡ ወጣ ካለች መንደር ስልክ ተደወለ። የደወለችው ኡሙሰልማ የምትባል ጎልማሳ ሴት ናት። «በአላህ ድረሱልን! ጎረቤታችን ሼህ ዘይኑልአቢዲን ተዝለፈለፉ። ይቀባጥራሉ፣ ላብ በላብ ሆነዋል!» አለች። ሙንዚር ፆሙን ነበር፤ ከንፈሩ ደርቋል። ወዲያው መኪናዋን አስነሳ።

ሲደርሱ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ ሙቀቱ ግን ገና ከመሬቱ ይወጣል። ግቢው ሞልቷል። በዚያ ሰፈር ሼህ ዘይኑልአቢዲን የእያንዳንዱን ቤት ልጅ ቁርአን ያስቀሩ፣ ድምፃቸው ከአጥር ወዲያ የሚሰማ የተከበሩ አዛውንት ናቸው። አሁን መደቡ ላይ ተጋድመው ትርጉም የሌለው ነገር ያጉተመትማሉ። ባለቤታቸው እማማ ከድጃ በራስጌያቸው በኩል ሻሻቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። እስከዳር የሼሁን ጣት ወጋ አድርጋ ስኳራቸውን ለካች፤ እጅግ ወርዷል። ደም ሥራቸውን ፈልጋ ግሉኮሱን ሰጠቻቸው።

ጥቂት ቆይቶ ሼሁ ዓይናቸውን ገለጡ፤ የማያውቋትን ልጅ አዩ፤ ከዚያም ክንዳቸው ላይ ያለውን መርፌ።

«አንቺ ልጅ፣ እንግዳ ሆነሽ መጥተሽ ምንም አልሰጡሽም?» አሉ።

ቤቱ በሳቅና በ«አልሀምዱሊላህ» ተሞላ። ወዲያው አዛን አለ። በዚያች ቅጽበት ከየጎረቤቱ የሚመጣው ምግብ ጉድ ነበር፤ ቴምሩ፣ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ በየሰሃኑ እየተከደነ ገባ። ሙንዚር ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ አፈጠረ። ሼሁም ሾርባውን ጠጡ፣ እንጀራውን በሉ፣ ቴምሩን ደገሙት። ቀለማቸው ተመለሰ።

«መድኃኒት ይወስዳሉ፣ አባባ?» አለች እስከዳር።

«የስኳር ክኒን አለችኝ። ሌሊት በሱሁር ምግብ ውጬ ፆሜን ያዝሁ።»

«ለሰው ሲሆን 'በሽተኛ ፆም አይገደድም፣ ድሃ ያብላ' ይላሉ» አሉ እማማ ከድጃ። «ለራሳቸው ሲሆን ኪታቡን ይዘጉታል።»

ሼሁ እንዳልሰማ ሆኑ። እስከዳር ግን ክኒኑን ስታይ አልወደደችውም። ይህ ክኒን ዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ከደም ቶሎ አይወጣም፤ ግሉኮሱ ያነሳውን ስኳር ቆይቶ መልሶ ሊጥለው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ወይ ሆስፒታል ማደር አለበት፣ ወይ አጠገቡ ዓይኑን የማይከድን ሰው ሊኖር ይገባል። ይህንኑ ነገረቻቸው።

«ከቤቴ አታውጪኝ፣ ልጄ» አሉ ሼሁ። ድምፃቸው ከቅድሙ ዝቅ አለ። «ሆስፒታል ገባ ከተባለ ልጄ ከአዲስ አበባ ይመጣል። አላህ ይወድሻል፣ እዚሁ ልሁን።»

ልጅ መምጣቱ ምን ክፋት አለው? እስከዳር ነገሩ አልገባትም፤ ለመጠየቅ ግን ሰው በዛ። ውሃ ጠየቀች። ኡሙሰልማ ብድግ ብላ ጓዳ ገባች። ጓዳው ውስጥ ኮሽ ኮሽ ሲል ቆየና «ኩባያው የታል?» የሚል ድምፅ መጣ። «ከጀሪካኑ ኋላ፣ ሰፌዱ ሥር» አሉ ሼሁ። ኩባያው መጣ፤ እስከዳር ጠጣች። ከዚያ ለእማማ ከድጃ ነገሩን ሁሉ አስረዳች፤ ሲያልባቸው፣ ዓይናቸው ሲፈዝ፣ ፊታቸው ሲገረጣ ስኳር በውሃ በጥብጠው እንዲያጠጧቸውና ወዲያው እንዲያስደውሉ። ስኳር የተቋጠረበትን ፌስታል ዘረጋችላቸው። ትንሽ ቆይተው ተቀበሏት።

«አብሽሪ፣ ልጄ» አሉ። «ፊታቸው ሲገረጣ አይቼ አይደል ቅድም የጮህሁት?»

ቤቱ ሰው ሞልቶበታል፣ ምግብ ሞልቶበታል፣ ሚስት በራስጌ አለች። እስከዳር ሻንጣዋን ዘግታ ወጣች።

ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው አስፋልት ላይ ሙንዚር ጠግቦ እያንጎራጎረ ነበር። እስከዳርን ግን አንድ ነገር ጥርሷ ውስጥ እንደገባ የሥጋ ጅማት ይቆረቁራታል።

«ሙንዚር፣ እናንተ ቤት ኩባያ የት እንዳለ የሚያውቀው ማን ነው?»

«ሚስቴ ናታ! እኔ የገዛ ካልሲዬንም አላውቅ።»

«የታመምህ ቀን ሰው መጥቶ ኩባያ ሲፈልግስ ማን ይነግረዋል?»

«ሚስቴ። ምን ሆነሻል ሲስተር?»

«እዚያ ቤት የነገሩት እኮ በሽተኛው ናቸው። ሚስትዬዋ አጠገባቸው ተቀምጠው ዝም አሉ።»

ሙንዚር ትከሻውን ነቀነቀ። እስከዳር ግን ያየችውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ ፈታችው። ስኳሩን ስትዘረጋላቸው እማማ ከድጃ እጃቸውን ያነሱት ፌስታሉ ጉልበታቸውን ሲነካቸው ነው። ስታስረዳቸው ፊታቸው ወደ እሷ ዞሯል፤ ግን ወደ ድምፅዋ እንጂ ወደ ዓይኗ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ምግብ መሃል አንድም ሰሃን አላቀበሉም። ሴቶቹ እጃቸው ላይ እያስቀመጡላቸው ነው የበሉት። ለአዛውንት ክብር መስሏት ነበር። ደግሞስ ያ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው በማፍጠሪያ ሰዓት አይደል? በማፍጠሪያ ሰዓት የማን ቤት ባዶ ይሆናል? አሁን ሁሉም ለተራዊህ ሶላት መስጊድ ይሄዳል። ዓይናቸውን ከባላቸው ፊት እንዳያነሱ ያዘዘቻቸው ሴት ዓይን የላቸውም!

«መልሰው» አለች።

«ምኑን?»

«መኪናውን መልሰው፣ ሙንዚር! ለማያዩ ሰው ነው ትቻቸው የመጣሁት!»

ሲመለሱ ግቢው ጭር ብሏል። አንዲት አምፖል ደጃፉ ላይ ትበራለች። ከውስጥ የሼሁ ድምፅ የአላህን ስም እየደጋገመ ዚክር ሲያደርግ ይሰማል። እስከዳር ጫማዋን አውልቃ ገባች። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የእማማ ከድጃ እጅ የባላቸው ጉልበት ላይ ነው።

«እማማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ከመቼ ወዲህ ነው ማየት ያቆሙት?»

ሼሁ ዚክራቸውን አቋረጡ። «ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር የነገረሽ? እሷ እንደኔ ነው የምታየው» ብለው ሊቀልዱ ሞከሩ። እማማ ከድጃ ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉና ዝም አሰኟቸው።

«ቆይቷል፣ ልጄ» አሉ። «መጀመሪያ ጭጋግ ነበር፤ አሁን ጨለማ ነው። ለሰው አልተናገርንም። እኛ የተጋባነው በስተርጅና ነው። እሳቸው ወንድ ልጅ አላቸው፣ ሀምዱ ይባላል፣ አዲስ አበባ ነው። እኔ ሴት ልጅ አለችኝ፣ ሱሀይላ፣ ባቲ ነች። ሁለቱም ጥሩ ልጆች ናቸው። እኔ አላይም፣ እሳቸውም ታመዋል ከተባለ እሳቸውን ሀምዱ ይወስዳል፣ እኔን ሱሀይላ ትወስደኛለች። አየሽ፣ ክፉ ልጆች ቢሆኑ ኖሮ አብረን እንቀር ነበር።»

እስከዳር እስካሁን በየቤቱ ስትወስን አንድ በሽተኛ ብቻ ነበር የምታየው። እነዚህ ግን እቤት መቅረት ሲሉ አብሮ መቅረት ማለታቸው ነው።

«ታዲያ ቅድም ፊታቸው መገርጣቱን እንዴት አወቁ?»

«ፊቱን እንዲያው ለወጉ ነው ያልሁት። ዚክራቸው ተሳከረብኝ። ሁልጊዜ የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ አንዱ ቃል ካንዱ ሲጋጭ፣ ምላሳቸው ሲጎተት ሰማሁ። እየዳበስሁ ደጅ ወጥቼ ጮህሁ።»

እስከዳር የሼሁን ጣት መልሳ ወጋች። ያን ሁሉ ሾርባ፣ ያን ሁሉ ቴምር በልተው ስኳራቸው ትታቸው ከሄደችበት ወርዷል። ክኒኑ ሥራውን አላቆመም። ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸው።

«አባባ፣ ዛሬ ይሄዳሉ። እማማም አብረውን ይሄዳሉ፤ አስታማሚ እሳቸው ናቸው። ተመልሰው እዚሁ አብረው እንዲኖሩ ከፈለጉ ግን ይህ ነገር ከጎረቤት መደበቁ ይቅር። እማማ እንደቅድሙ ቢጮሁና ሁሉም መስጊድ ቢሆን ማን ይሰማል? ጎረቤት እዚህ ቤት የሚያይ ሰው አለ ብሎ ነው ጥሎ የሚሄደው። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የሄድሁት።»

ሼሁ አንገታቸውን አቀረቀሩ። ምሥጢሩ የእሳቸው አልነበረምና ፊታቸውን ወደ ሚስታቸው መለሱ። እማማ ከድጃ ብዙ ካሰቡ በኋላ ተነሱ። ግድግዳውን በእጃቸው እየተከተሉ ደጃፉ ላይ ደረሱ። የአምቡላንሷን መመለስ ያዩ ሴቶች ኡሙሰልማን አስቀድመው ከመስጊድ እየሮጡ ገብተው ግቢው ውስጥ ቆመዋል።

«ማን ማን አለ?» አሉ እማማ ከድጃ።

«አለን፣ እማማ። ሼሁ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። እኔ ግን አንድ ነገር ደብቄያችኋለሁና አፉ በሉኝ። ዓይኔ ካየ ቆየ። አንዳችሁንም በቅጡ አይቼ አላውቅም፤ በድምፅ ነው የማውቃችሁ።»

ኡሙሰልማ ቀረብ ብላ እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ እኛ እኮ እናውቃለን።»

«ምን?»

«ዱሮ ነው ያወቅነው። ያሰጡትን ማሽላ ዶሮ ሲጨርሰው እርስዎ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ዝም አሉ። የዚያን ቀን ገባን። ዶሮዎቹን አባርሬ ከኛ ቤት ማሽላ ጨመርሁበት።»

«እኔ ደግሞ ያ ማሽላ በረከቱ ነው የሚበዛ መስሎኝ!» አሉ እማማ ከድጃ። «ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ?»

«ያልነገሩንን እንዴት ብለን እንናገር? ይከፋዎታል ብለን ነዋ!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ሙሉ ሰፈር የሚያውቀውን ምሥጢር ሁለቱ ሽማግሌዎች ይጠብቁታል፤ እነሱ እንዳይከፋቸው ደግሞ ሰፈሩ አለማወቁን ይጠብቃል። ሁሉም አውቆ እንዳላወቀ ስለሆነ፣ 'ዛሬ አንቺ ቆዪላቸው' የሚል አንድ ሰው አልነበረም። እስከዳር መጀመሪያ ተናደደች፤ እንዲያውም «ወይ የወሎ ሰው! ይሉኝታ አንድ ቀን ይጨርሳችኋል!» ብላ ጮኸችባቸው። ከዚያ ኡሙሰልማ የአሮጊቷን ሻሽ ስታስተካክል አየችና ዓይኗ እንባ ሞላ። በዚያችው ሰዓት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሴቶቹ ተነጋገሩ። «የሼሁ ድምፅ እንደሆነ እኛም ግቢ ይገባል» አለች ኡሙሰልማ። «ከዛሬ ወዲያ እኛም ጆሯችንን እንጥላለን፤ ተራዊህም በተራ እንሄዳለን።» ሙንዚር ጃኬቱን ለብሶ እማማ ከድጃን ደግፎ አምቡላንሷ ውስጥ ከሼሁ ጎን አስገባቸው፤ ወደ ደሴ ወጡ።

ደሴ ሐኪሙ ያንን ክኒን አስቆመ፤ ፆሙንም ከለከለ። ሼሁም በገዛ ኪታባቸው ተሸንፈው በፆሙ ፈንታ ድሃ ለማብላት ነየቱ። ሀምዱ ወሬውን ሰምቶ ከአዲስ አበባ መኪና ይዞ ከተፍ አለ። ሐኪሙ «የሚያስታምማቸው ካለ እቤታቸው መሆን ይችላሉ» ቢለውም ሀምዱ አባቱን ሊወስድ ቆርጧል። ቢሆንም ልቡ አላረፈለትምና ወደ እስከዳር ደወለ። ጨዋ ሰው ነበር።

«ሲስተር፣ ቤታቸውን ያየሽው አንቺ ነሽ። አባቴ እዚያ መኖር ይችላል ትያለሽ?»

እስከዳር «ይችላል» ብላ ነገሩን ልትጨርሰው ትችል ነበር፤ ልቧም እሱን ይፈልጋል። ግን አንዴ ቸኩላ ፈርዳ አይታዋለች።

«አላውቅም» አለችው። «እኔ ቤቱን ያየሁት ሰው ሲሞላበት ነው። በቀትር አብረን እንየው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሆስፒታል ወጥተው እቤታቸው ከገቡ በኋላ፣ በቀትር ሄዱ። ሀምዱ ጓዙን ሸክፎ በዚያው አባቱን ይዞ ሊሄድ፣ እማማ ከድጃንም ባቲ ሊያደርስ ተዘጋጅቷል። የሐርቡ ቀትር በረመዳን ምን እንደሚመስል ያየ ያውቃል። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ውሻው ጥላ ሥር ተዘርግቷል፤ የፆመው ሁሉ ተኝቷል። ግቢው ባዶ ነው። ሼሁ ኒም ዛፉ ሥር ቁርበታቸው ላይ ተቀምጠው ዚክር ያደርጋሉ፤ እማማ ከድጃ ከደጃፉ አጠገብ ናቸው። ከሁለቱ በቀር ማንም አይታይም። ሀምዱ እየዞረ አየ፤ ገብቶ የአባቱን ልብስ ከግድግዳው ማውረድ ጀመረ።

እስከዳር ደጃፉ ላይ ቆማ ወደ ጎረቤቶቹ አጥር ተመለከተች። ሴቶቹ ያን ማታ የተናገሩት ሁሉ የዚያን ማታ ስሜት ነበረ ማለት ነው። ሀምዱ ቢጠይቃት 'ውሰዳቸው' ማለቷ ነው። ይህንን እያሰበች ሳለ የሼሁ ድምፅ እየቀነሰ ሄደና ቆመ።

ልትሮጥ እግሯን አነሳች። ከእሷ በፊት ግን የአጥሩ በር ተበርግዶ ኡሙሰልማ ገባች፤ በባዶ እግሯ፣ ሻሿ ወልቆ፣ የእንቅልፍ ምልክት ጉንጯ ላይ ታትሞ፣ ስኳር በጭብጧ። በጓሮ በኩል ሌላ ሴት መጣች፤ ከኋላዋ ሌላ። ከአጥር ወዲያ አንድ ሽማግሌ «ምነው ዝም አሉ? ምነው ዝም አሉ?» እያሉ ይጮሃሉ።

«አብሽሩ!» አሉ እማማ ከድጃ እጃቸውን አንስተው። «እንቅልፍ ነው። ትንፋሻቸውን እሰማዋለሁ፣ እንቅልፍ ነው።»

ሼህ ዘይኑልአቢዲን በግርግሩ ብንን ብለው ዙሪያቸውን አዩ። «ምንድን ነው? ሰው ሞተ እንዴ?» አሉ። ሴቶቹ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ኡሙሰልማ እየሳቀች ዛፉ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። እስከዳርም አብራ አለቀሰች።

ሀምዱ የአባቱን ጀለቢያ በክንዱ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በባዶ እግር የመጡትን ሴቶች አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ዞሮ ገባ፤ ጀለቢያውንም ወደ ነበረበት ምስማር መልሶ ሰቀለው።